ከብርሃንና ከሙቀት የሚጠበቀው ዕቃ በመጋዘን አይበላሽብን

ክቡር አዘጋጅ፣

ባለፈው ክረምት ለደም ካንሰር ጥናት ያዘዝነው፣ ከአውራ ጣት የማይበልጥ አንድ ብልቃጥ 11 ቀን መጋዘን ቆይቶ ሲደርሰን፣ ሳጥኑ ለፍተሻ ተከፍቷል፤ በረዶው ለብ ያለ ውኃ ሆኗል፤ ብልቃጡም ከጥቁር መጠቅለያው ወጥቶ እንደነገሩ ተመልሶ ተቀምጧል።

በውስጡ የነበረው ማየሎፐሮክሲዴዝ የተባለውን የሰው ኢንዛይም ለይቶ የሚይዝ፣ ፍሎረሲን የተሰኘ ብርሃን ሰጪ ቀለም የተያያዘበት ፀረ እንግዳ አካል ነው። ኢንዛይሙ ኒውትሮፊል በሚባሉት ነጭ የደም ሴሎች ውስጥ በብዛት ይገኛል፤ ባክቴሪያ የሚገድል፣ ከበረኪና ጋር የሚዛመድ አሲድ ያመነጫል፤ መግል አረንጓዴ የሚመስለውም በእርሱ ነው። በአጣዳፊ የደም ካንሰር ሴሎች ውስጥ ከተገኘ፣ ሕመሙ ማየሎይድ ከሚባለው፣ ኒውትሮፊሎችም ከሚገኙበት የደም ሴሎች ወገን ለመሆኑ ዋነኛ ምልክት ነው። ኢንዛይሙ ያለው በሴሉ ውስጥ ስለሆነ፣ መጀመሪያ የሴሉ ሽፋን በኬሚካል ይበሳሳል፤ ፀረ እንግዳ አካሉ ገብቶ ከያዘው በኋላ 488 ናኖሜትር የሆነ ሰማያዊ ሌዘር ሲያርፍበት አረንጓዴ ብርሃን ይሰጣል። አሜሪካዊው ሐኪም አልበርት ኩንስና ባልደረቦቹ ቀለምን ከፀረ እንግዳ አካል ጋር የማያያዝን ዘዴ በሃርቫርድ ካስተዋወቁበት ከ1941 እ.ኤ.አ. ወዲህ ዘዴው እጅግ ቢራቀቅም፣ ቀለሙ ግን ዛሬም ብርሃን ሲበዛበት ይደበዝዛል።

እኛም ተጠራጥረን በመጀመሪያ በጤነኛ ሰው ደም ላይ ሞከርነው። ደምቀው መታየት የነበረባቸው ኒውትሮፊሎች ምንም ቀለም ካልነካቸው ሴሎች እምብዛም አልተለዩም። ይህን ሙከራ ዘለን ወደ ሕሙማኑ ናሙና አልፈን ቢሆን ኖሮ፣ ኢንዛይሙ እያለ «የለም» ብለን በመዝገብ እናሰፍር ነበር። እኔን እስካሁን የሚያስጨንቀኝ ከብልቃጡ ዋጋ ይልቅ ይህ ነው፤ የተበላሸ ምግብ በመጥፎ ጠረኑ ያስታውቃል፣ የተበላሸ ፀረ እንግዳ አካል ግን ዝም ብሎ የተሳሳተ መልስ ይሰጣል።

ስለዚህ ዕቃ አስተላላፊዎች ሰነዱን ዕቃው ከመድረሱ አስቀድመው እንዲያስጨርሱ፣ የመጋዘን ሠራተኞችም በሳጥኑ ላይ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ የሚል ጽሑፍ ሲያዩ በዚያው ቀን ወደ ማቀዝቀዣ እንዲያስገቡልን እለምናለሁ። ፍሪዘር ውስጥ ግን አይሁን፤ በተለይ ፋይኮኤሪትሪን የተባለው ቀለም ከበረዶ አይተርፍም። ፍተሻ የግድ ከሆነም፣ ብልቃጡ ከጥቁር መጠቅለያው ሳይወጣ ይፈተሽልን።

አንድ የቤተ ሙከራ ባለሙያ
ከአዲስ አበባ