ለአመዴ ዓይን ለደረሳችሁልን ሁሉ

የምስጋና መልእክት ሲባል አብዛኛውን ጊዜ የምናነበው «በሐዘናችን፣ በሕመማችን ከጎናችን ለቆማችሁ ወዳጅ ዘመዶች» የሚለውን ነው። የእኔም ያው ነው፤ ታማሚው ጥንቸል ከመሆኑ በቀር። ሳቁ፣ ግድ የለም። ደሴ ላይ ካርቶን ታቅፎ የጥንቸል ሐኪም የሚፈልግ የጎልማሳ ነገር ያስቃል። ሁለት ወር ሙሉ ግን እየሳቃችሁም ቢሆን ረድታችሁናልና ሳላመሰግን ብቀር የሰው ሐቅ በልቶ እንደ መቅረት ይሆንብኛል።

ለማታውቁን፣ አራዳ ላይ ልብስ ሰፊ ነኝ። አመዴ የአሥር ዓመቷ ልጄ ጥንቸል ነው። ስሙን ያገኘው አመድማ ከሆነው ፀጉሩ ነው።

ጣጣው ኅዳር ላይ ከእኔ ቆጣቢነት ጀመረ። የምናነጥፍለት የጤፍ ጭድ ተወደደብኝና የገብስ ጭድ ገዛሁ። የጤፍ ጭድ ለስላሳ ነው፤ ገብስ ግን ከዛላው ላይ ያለው ሹል ፀጉር አብሮት ይመጣል፣ እንደ መርፌ ነው። በሦስተኛው ቀን ግራ ዓይኑን ጨፈን አድርጎ፣ ከዓይኑ ሥር ያለው ፀጉር ረጥቦ ተለጣጥፎ አገኘነው። ልጄ «አባዬ፣ እያለቀሰ ነው» አለችኝ። እኔ «ብርድ ነው» አልኩ። ደሴ ላይ መቼም ያልገባን ነገር ሁሉ ብርድ ነው፣ ጦሳ ተራራ ጉም ለብሶ ሲያድር ደግሞ ማን ይከራከረናል።

ጥፋቴን እዚሁ ልናገር። መድኃኒት ቤት ሄድኩ። «ለማን ነው?» ስባል «ለልጄ» አልኩ። ጥንቸል ብዬ መሳቂያ ከምሆን ብዬ ነው። የቀላ ዓይን ጠብታ ተሰጠኝ። ጠብ እናደርግለት ጀመር፤ በሁለት ቀን ቅላቱ ጠፋ፤ ተሻለው ብለን ደስ ብሎን ቀጠልንበት። በሁለተኛው ሳምንት ዓይኑ ላይ ወተት ጠብ ያለበት የሚመስል ደመና ወጣ፣ እሱም ሳር መብላት ቀነሰ። የሰጠኝን ሰው አልወቅስም፤ የዋሸሁት እኔ ነኝ።

ኮምቦልቻ የእንስሳት ሐኪም መኖራቸውን የነገረኝ የሱቅ ደንበኛዬ ነው፣ ሱሪ ሊያሳጥር መጥቶ። አንተ ወንድሜ፣ ያንን ሱሪ ሒሳብ አላስከፈልኩህም፣ አሁንም አላስከፍልህም።

ሚኒባሱ ረዳት ካርቶኑን ከላይ ልጫነው አለኝ። «ጥንቸል ነው፣ ታሟል» ስለው ሰው ሁሉ ዞረ። የሐረጎን ቁልቁለት እስክንወርድ ድረስ የመኪናው ወሬ ጥንቸል ሆነ፤ ይበላል አይበላም፣ ሐላል ነው፣ አይደለም በኦሪት የተከለከለ ነው፣ እየተባለ። ከኋላ የተቀመጡ አንዲት እናት ብቻ ዝም ብለው ጋቢያቸውን ዘርግተው ካርቶኑን ከነፋሱ ከለሉልኝ። ኮምቦልቻ መናኸሪያ ወርደው ሲሄዱ ስማቸውን እንኳ አልጠየቅኩም። እማማ፣ ይህን የሚያነብልዎ ሰው ካለ፣ ድኗል።

ዶክተር መጀመሪያ ያሉኝ «ጠብታውን አሳየኝ» ነበር። ብልቃጡን አዞሩና አነበቡት። ዴክሳሜታዞን አለበት። እንዲህ ያለው ስቴሮይድ ቅላት ያጠፋል፣ ዓይኑም የተሻለው ይመስላል፤ ቁስለት ላይ ከተደረገ ግን መዝጋቱን ያዘገያል፣ ኮርኒያ የተባለውን ከፊት ያለውን ጥርት ያለ ሽፋን እንዲሟሟ ያግዛል። የጥንቸል ኮርኒያ ደግሞ ውፍረቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር አይሞላም። «ስንት ቀን አደረግክለት?» አሉኝ። «አሥራ ሁለት» አልኩ። አልተቆጡም፤ ብልቃጡን ወደ ቆሻሻ መጣያ ወረወሩት፣ በቃ። ቢቆጡኝ ይቀለኝ ነበር።

ከዚያ ብርቱካንማ ቀለም የተነከረች ቀጭን ወረቀት አረጠቡና ዓይኑን ነካ አደረጉት። ፍሎረሰሲን ይባላል። ጤናማ ኮርኒያ ላይ አይይዝም፣ የተላጠ ቦታ ላይ ግን ይጣበቃል። መብራት አጥፍተው በሰማያዊ ባትሪ ሲያበሩበት የአመዴ ዓይን መሐል ላይ አረንጓዴ ነገር ቦግ አለ፣ እንደ ድመት ዓይን። ልጄ እጄን ጨበጠች። ዶክተር «ጠርዙን እይ» አሉኝ። አረንጓዴው ከቁስሉ ዳር ላይ አልቆመም፤ አልፎ ከሥር ሰርጎ ደብዘዝ ያለ ክብ ሠርቷል። «ተራ ቁስለት ቢሆን በአንድ ሳምንት ገደማ ይዘጋ ነበር። ይኼ አዲስ ሽፋን ያበቅላል፣ የበቀለው ግን ከሥሩ ካለው ጋር አይያያዝም። ጠርዙ ተንሳፎ ይቀራል።»

ገባኝ። ገበሩ ከላይኛው ጨርቅ ጋር ሳይያዝ የተሰፋ ኮት ማለት ነው። የፈለከውን ያህል ብትተኩሰው ይነፋል። መፍታት ነው ያለው።

እሳቸውም ያደረጉት መፍታት ነው፤ ግን ከዚያ በፊት ሌላ ምክንያት እንዳይኖር ፈተሹት። የዓይን ቆቡን ገልብጠው ወደ ውስጥ የዞረ ሽፋሽፍትና የተሰካ ገለባ ፈለጉ። አፉን ከፍተው በመብራት ጥርሱን አዩ። የጥንቸል ጥርስ ዕድሜ ልኩን ነው የሚያድገው፤ የላይኛው ጥርስ ሥር ወደ ላይ ከገፋ የእንባውን ቱቦ ይጫነውና ዓይኑ ሁልጊዜ ይረጥባል፣ ቁስሉም አይድንም። የዓይኑን ማዕዘን ጫን ሲሉት መግል አልወጣም፤ የእኛው ጥርሱ ደህና ነበር። ተመስገን።

ልጄ በፎጣ ጠቅልላ ያዘችው፣ ጆሮውን ወደ ኋላ አስተኝታ። የማደንዘዣ ጠብታ ገባለት። ትንሽ ጠበቁና በደረቅ ንጹሕ ጥጥ ከመሐል ወደ ዳር ጠረግ ጠረግ አደረጉት። ያልተያዘው ሽፋን ልክ እንደ ፈላ ወተት ስልባቦት እየተጠቀለለ ተነሣ። ጤናማውን ጥጥ አያነሣውም፤ እዚያ ሲደርስ በራሱ ያቆማል። ሲጨርሱ ቁስሉ ሲገባ ከነበረው እጥፍ ሆኖ አየሁትና ወገቤ ተቆረጠ። «እንዲህ መስፋት አለበት፣ አሁን ጠርዙ ንጹሕ ነው» አሉኝ። በመርፌ ጫጭሮ ገጹን የማሻከር ዘዴም እንዳለ ነገሩኝ፤ የጥንቸሉ ኮርኒያ ስስ ስለሆነ ግን አልደፈሩትም። ቁስሉ ጥልቅ ቢሆን ወይም ቢመግል ኖሮ ጥጡንም አይነኩም ነበር።

የማደንዘዣዋን ብልቃጥ ለቤት እንዲሰጡኝ ለመንኳቸው፣ እንዳያመው ብዬ። እምቢ አሉኝ፤ ሲደጋገም እሱ ራሱ ቁስሉን አያስዘጋም። ለሕመሙ በአፍ የሚሰጥ ሜሎክሲካም፣ ለዓይኑ የሲፕሮፍሎክሳሲን ጠብታ ሰጡኝና ጥፍሩን ቆረጡለት። «አሞክሳሲሊን በአፉ እንዳትሰጠው፣ አንጀቱን ያበላሽበትና ይገድለዋል» ያሉኝን በቾክ የሱቄ ግድግዳ ላይ ጻፍኩት። ደንበኛ ሁሉ ያነበዋል።

ቁስሉ በአሥር ቀኑ አልዘጋም። ድጋሚ ወረድን፣ ድጋሚ ተጠረገ። በዚህኛው ዶክተር ከጆሮው ጥቂት ደም ወሰዱ፣ ላብራቶሪ ውስጥ አሽከረከሩት፣ ቢጫ ውሃ የመሰለ ሴረም ወጣው። የገዛ ደሙ ለዓይኑ ጠብታ ሆነ። ኮርኒያን የሚያሟሙትን ነገሮች ይገታል፣ አዲሱ ሽፋንም እንዲያድግ ይረዳል አሉ። ክፋቱ፣ እንዳይበላሽ የሚጠብቀው ኬሚካል የለውም፤ ፍሪጅ ይፈልጋል፣ የተከፈተው ደግሞ ከጥቂት ቀን በላይ አይቆይም።

እኛ ፍሪጅ የለንም።

ጎረቤታችን እትዬ፣ እዚህ ላይ እርስዎ ነዎት። ነቢያት ጾም ገብቷል፣ ሥጋ ወተት ከቤትዎ ወጥቷል፣ እኔ የጥንቸል ደም በብልቃጥ ይዤ በርዎ ላይ ቆሜያለሁ። «በጾም! የጥንቸል ደም! ፍሪጄ ውስጥ!» ብለው በር ላይ ያሉኝን ሰፈሩ ሰምቷል። ከዚያ ገቡና ብልቃጧን በሦስት ፌስታል ጠቅልለው፣ በቡና ስኒ አስቀምጠው፣ በሩ ላይ ለብቻዋ አስገቧት። በየአራት ሰዓቱ ነበር የሚደረገው። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ግድግዳውን ኳ ኳ አድርገው «ሰዓቱ ደርሷል፣ ናና ያንን ጉድህን ውሰድ» ሲሉኝ ከርመዋል። አንድ ቀን እንኳ አላለፈዎትም። መብራት በሄደ ጊዜ ደግሞ ጀነሬተር ያለው ጭማቂ ቤት ድረስ ራስዎ ወስደው «መድኃኒት ነው፣ ምን እንደሆነ አትጠይቁኝ» ብለው ማስቀመጥዎን የሰማሁት በኋላ ነው። የጭማቂ ቤቱ ልጆች፣ ምን እንደነበር አሁን አወቃችሁ።

ከዚህ ሁሉ የከፋችው ግን ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ያለችው አንዷ ሌሊት ናት። ከሰዓት ጀምሮ አልበላም። በጠጡ መጀመሪያ አነሰ፣ ከዚያ ቆመ። ጥንቸል አያስመልስም፣ አንጀቱ ከቆመ ደግሞ ግማሽ ቀን እንኳ መጠበቅ አይቻልም። ሕመሙን ደብቆ ጥግ ላይ ተሰብስቦ ተቀምጧል፣ ጥርሱን ያፋጫል። ለዶክተር ደወልኩ፣ በሌሊት አነሡልኝ። መርፌ የሌለው ትልቅ ሲሪንጅ ፈልግ አሉኝ። ሆጤ መንገድ ላይ ያገኘሁህ ባለ ባጃጅ ልጅ፣ ተረኛ መድኃኒት ቤት ፍለጋ ከተማውን አዞርከኝ። ሒሳቡን በሌሊት ዋጋ አንድም ሳትቀንስ ተቀብለሃል፣ ሐቅህ ነው። ግን ቤት አድርሰኸኝ ሞተር አጥፍተህ ገባህ፤ እኔ የላመ ቅጠል በሲሪንጅ ከጥርሱ ጎን ቀስ እያልኩ ሳስገባ አንተ ስልክህን እንደ ኩራዝ ይዘህ አበራህልን። ሊነጋጋ ሲል ሦስት ፍሬ በጠጥ ጣለ። ለሦስት ፍሬ በጠጥ ሦስት ሰው ሲያጨበጭብ አይቼ አላውቅም።

ሰማያዊዋን ባትሪና የቀለሙን ወረቀት ለመጨረሻው ምርመራ ያዋስሽን፣ የሰው ዓይን የምታክሚው እህት፣ «እኔ ሰው ነው የማየው» ብለሽ ከሳቅሽ በኋላ ከሥራ መልስ ቤት ድረስ መጥተሽ አብረሽን አይተሻል። ጥር ሁለተኛው ሳምንት ነበር። መብራት አጠፋን። አበራሽበት። አረንጓዴ የለም። ልጄ «ድጋሚ» አለች፣ ድጋሚ አበራሽ፣ የለም። ዓይኑ ላይ ስስ ጭጋግ የመሰለ ጠባሳ ቀርታለች፤ ከዳር ተነሥተው ቁስሉን ሊያግዙ የገቡት ቀጫጭን የደም ሥሮችም ገና አልጠፉም። በዚያች ዓይን ጎመን ከሩቅ ይለያል።

ዶክተር፣ የጋዎንዎ ኪስ የተቀደደ መሆኑን ሁለት ጊዜ አይቻለሁ፤ በሚቀጥለው ስመጣ መርፌና ክር ይዤ ነው። እትዬ፣ ስኒውን በፈላ ውሃ አጥበነዋል፣ እርስዎ ግን አይፈልጉትም ብዬ አዲስ ገዝቻለሁ። ሰማያዊዋን ባትሪ ቅዳሜ እመልሳለሁ።