ለልጄ፦ ጎረቤቶቻችንን ፎቶ አታስነሺ

ሽሮ ሜዳ፣ አዲስ አበባ
ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። በስልክ ልነግርሽ እየቻልሁ በጽሑፍ ማድረጌ ነገሩን እስከ መጨረሻው እንድትሰሚኝ ብዬ ነው።

እዚያ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከጓደኞችሽ ጋር ሆናችሁ ለሰፈራችን አረጋውያን ለገና መዋያ ገንዘብ እያሰባሰባችሁ መሆኑን ስንሰማ በጣም ደስ ብሎናል፤ እናትሽማ ምርቃቷን አዥጎድጉዳልሻለች። ይሁን እንጂ ባለፈው ቅዳሜ የሆነውን ልታውቂው ይገባል። ለገንዘብ ሰጪዎች የሚላክ ፎቶግራፍና የየቤቱን ውስጥ የሚያሳይ ቪዲዮ እንዲያነሣ ከእናንተ የታዘዘው ልጅ መጀመሪያ የሄደው ሸማኔው አባባ ዘንድ ነበር። አባባ ፎቶ ሊነሡ መሆኑን ሲሰሙ ሣጥናቸውን ከፍተው ለጥምቀት ብቻ የሚለብሱትን ነጭ ልብስ አወጡ፤ በላዩ ላይ በእጃቸው የሠሩትን ኩታ ደርበው፣ ፀጉራቸውን በውኃ ዳብሰው፣ ደጃፋቸው ላይ ቀጥ ብለው ቆሙ። ልጁም፣ ባለጌ ሆኖ ሳይሆን የታዘዘውን ለመፈጸም፣ «አባባ፣ የዘወትሩን ልብስ ቢለብሱ ይሻላል፤ እንዲህ ሆነው የተቸገሩ አይመስሉም» አላቸው። ምንም ሳይመልሱለት ገብተው በሩን ዘጉት። በማግስቱ የእድር ስብሰባ ላይ አልተገኙም፤ እኔ የእድሩ ጸሐፊ ከሆንሁ ጀምሮ ቀርተው አያውቁም ነበር።

ልጄ፣ አንድም አባት፣ አንዲትም እናት ፎቶ አይነሡ። ይህን የምልሽ እንደ ምክር ሳይሆን እንደ አባት ትእዛዝ ነው።

ችግራቸው ትንሽ ነው ማለቴ አይደለም፤ አንቺ ከምታውቂው በላይ ነው። የብር ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ፣ ያኔ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። የአንቺን ዶላር ያበረታው ያው ነገር የእነርሱን ብር አቅም አሳጥቶታል። ዘይቱም፣ መድኃኒቱም፣ የታክሲውም ዋጋ ሲጨምር የጡረታ አበል አብሮ አይራመድም። አበሉም ቢሆን ሁሉም የለውም፤ የግል ድርጅት ሠራተኞች እንኳ የጡረታ ዋስትና ያገኙት በ2003 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ነው። ዕድሜያቸውን ሁሉ ጉድጓድ ውስጥ ተቀምጠው መወርወሪያ ሲወረውሩ የኖሩት አባባ፣ ከእንጦጦ እንጨት እየተሸከሙ ልጆች ያሳደጉት የጓሮዋ እማማ ደመወዝ ስላልነበራቸው የሚቆረጥላቸውም አልነበረም። ዛሬ አባባ ዓይናቸውን ሞራ ስለ ጋረደው ድሩ ሲበጠስባቸው መቀጠል አይችሉም፤ የጥለቱንም ቀለም የሚለይላቸው የጎረቤት ልጅ ነው። ዓይናቸው ደኅና በነበረበት ጊዜም ከውጭ የገባው በፋብሪካ የተሠራ የሀበሻ ልብስ ዋጋቸውን ሰብሮባቸው ነበር። አንቺ ክርስትና የተነሣሽበትን ነጠላ የሠሩት እርሳቸው መሆናቸውን አትርሺ፤ ዋጋውን ይዤ ብሄድ «ለልጅቷ ስጦታዬ ነው» ብለው መልሰውኛል።

ጡረታ ያላቸውም ቢሆኑ አልዳኑም። የታችኛው ግቢ እትዬ ሠላሳ ዓመት በጽሕፈት ሥራ አገልግለው የወጡ መሆናቸውን ታውቂያለሽ። በቀደም እናትሽ ልትጠይቃቸው ገብታ የደም ግፊት ኪኒናቸውን ማሸጊያ አየችው፤ ማለቅ ከነበረበት ቀን አልፎ ግማሹ አለ። ለካስ አንድ ቀን እየዘለሉ ነው የሚውጡት፣ ወሩን እንዲያዳርሳቸው። ጡረታ አላቸው ተብሎ ደግሞ ከድጋፍ ዝርዝሩ ውስጥ አልገቡም። እንዲህ ያለ ሰው ቸገረኝ ብሎ አይናገርም፤ ለዚህም ነው ፎቶ ተነሡ ብትያቸው ረኀቡን የሚመርጡት። ስለዚህ ደግሜ እልሻለሁ፣ ፎቶ አታስነሺ።

አያትሽ እንዴት ትረዳ እንደ ነበር ነግሬሽ አላውቅም። ደብረ ብርሃን ሳለን ከቤታችን ፊት ለፊት አንዲት የአርበኛ ሚስት ይኖሩ ነበር፤ ባላቸው ከሞቱ በኋላ የሚተዳደሩት ጭሰኛ በሚያመጣላቸው እህል ነበር። በየካቲት 1967 ዓ.ም. ጭሰኝነትን ያስቀረው የመሬት አዋጅ ሲታወጅ ያ ቀረ። አዋጁ ለብዙ ገበሬ ፍትሕ ነበር፤ እኔም እንደዚያው አምናለሁ፤ ነገር ግን እኒያን አሮጊት በሰባ ዓመታቸው ባዶ ጎተራ ላይ አስቀራቸው። ትናንት በደጁ ሌላው ይመጸወት የነበረ ሰው ዛሬ እጁን ሊዘረጋ አይችልም። አያትሽ ታዲያ በየሳምንቱ የተባዘተ ጥጥ በሰፌድ አድርጋ በእኔ እጅ ትልክላቸዋለች፤ «እባክዎ እመቤቴ፣ የእርስዎ ፈትል ነው የሚስማማኝ» ብለህ ስጥ ትለኛለች። የፈተሉትን ተቀብዬ ስመለስ ደግሞ የፈትሉ ዋጋ ተብሎ ገብስና ባቄላ ይዤ እሄዳለሁ። እጃቸው ይንቀጠቀጥ ስለ ነበር ክሩ እዚህ ቀጥኖ እዚያ ያበጠ፣ ማንም ሸማኔ የማይቀበለው ነበር። አንድ ቀን፣ ልጅ ነኝና፣ «ይህ ክር እኮ ለምንም አይሆንም» ብል አያትሽ እንደዚያ ተቆጥታኝ አታውቅም። «ክሩን ማን ፈለገው!» አለችኝ። ሴትዮዋ እስኪሞቱ ድረስ ሠርተው እንደሚበሉ እንጂ እንደሚጦሩ አንድም ሰው አላወቀም። አያትሽ እንደዚህ ያለ ስንት ቤት ደግፋ ይሆን እያልሁ አስባለሁ። ሳልጠይቃት ማለፏ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል፤ ብልሃቷን ሁሉ ይዛው ሄደች።

ገንዘብ ሰጪዎቻችሁ ማረጋገጫ መጠየቃቸውን አልነቅፍም። በላብ የተገኘ ገንዘብ የት ገባ ማለት ተገቢ ነው፤ በረጂ ስም የበሉ ሰዎችም ስላሉ ጥርጣሬያቸው ከሜዳ የመጣ አይደለም። ማረጋገጫው ግን የአረጋውያኑ ፊት መሆን የለበትም። እድራችን ማኅተም አለው፣ መዝገብ አለው፣ የባንክ ሒሳቡም በሦስት ሰዎች ፊርማ ነው የሚንቀሳቀሰው። ለእያንዳንዱ ተረጂ ቁጥር እንሰጣለን፤ በየወሩ ለስንት ሰው ስንት ብር እንደ ደረሰ፣ የመድኃኒት ቤቱን ደረሰኝ ጨምረን እንልክላችኋለን። ይህ አልበቃኝም የሚል ሰው ካለ ገንዘቡን በክብር መልሺለት።

አሁን የምልሽን በወረቀት ያዢው። አንደኛ ነገር፣ ለበዓል ብቻ አትላኩ። በገና ዶሮ የበላ ሰው በጥር የሚበላው ያጣል፤ ያሰባሰባችሁትን በወር በወር ከፋፍላችሁ፣ ትንሽም ብትሆን ሳትቋረጥ ብትመጣ ይሻላል። ፓስታና ዘይት ገዝተን እናድል ያላችሁትንም ተዉት፤ ጥርስ የሌለው አለ፣ ከሰል መግዣ ያጣ አለ፣ ለሌላው ደግሞ የጨነቀው የመብራት ክፍያ ነው። ገንዘቡን በእጃቸው ብንሰጣቸው የሚጎድላቸውን ራሳቸው ያውቃሉ። የጤና መድን ነገር ደግሞ ጊዜ አይሰጥም። እጅግ ድኾች ተብለው የተመረጡትን መንግሥት ይከፍልላቸዋል፤ ከእነርሱ ጥቂት ከፍ ብለው ያሉት ግን ዓመታዊ መዋጮውን መክፈል ስላቃታቸው መታወቂያቸው ሳይታደስ ይቀራል። የምዝገባው ወቅት ሳያልፍ የእነርሱን እንክፈል። ጤና ጣቢያው መድኃኒቱ የለም ባለ ቁጥር ከውጭ መግዣ፣ ለመነጽርም የሚሆን መጠባበቂያ ያስፈልገናል። በኮሪደር ልማቱ ምክንያት ከእድራችን ተነሥተው ወደ ከተማው ዳር የሄዱ አምስት ቤተሰቦች አሉ፤ ከዘመድና ከጎረቤት ስለ ተለዩ ከሁሉም በላይ የሚያሳስቡኝ እነርሱ ናቸው፤ እነርሱን ለመጠየቅ የሚሄዱትን ልጆች የታክሲ ወጪ አስቢበት።

ለእኔና ለእናትሽ ከምትልኪው ላይ ከዚህ ወር ጀምሮ እኩሌታውን ወደዚሁ አድርጊው። ከእናትሽ ጋር ተነጋግረንበታል፤ አትከራከሪን። አንቺም ሁለት ሥራ እየሠራሽ ራስሽን አትጉጂ፤ እንቅልፍ አጥተሽ የላክሽው ገንዘብ ለእኛ ደስታ አይሆነንም።

አባባን ይቅርታ የምትጠይቂው አንቺ ነሽ፤ እኔ አልጠይቅልሽም። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ስልኬን ይዤ እቤታቸው እሄዳለሁና በዚያ ሰዓት ደውዪ። ገንዘብ የሚባል ነገር አታንሺ፤ ፎቶ የሚባለውንማ በጭራሽ። ስለ ነጠላው አንሺላቸው፤ ቀጥለሽም ለልጅሽ ክርስትና የሚሆን እንዲሠሩልሽ እዘዢ። የዓይናቸውን ነገር እኔ ይዤዋለሁ፤ ምኒልክ ሆስፒታል ለታኅሣሥ 6 ቀጠሮ ተይዞላቸዋል፣ የሰፈሩ ልጅም አብሯቸው ይሄዳል። ከቀጠሮው በፊት የምታዢውን ልብስ ቀብድ በእድሩ ሒሳብ አስገቢልኝ፤ ድርና ማጉን ገዝቼ አቆይላቸዋለሁ።

አባትሽ