ስለ ኑክሌር ጣቢያ ስንነጋገር ጀነሬተሩ የት እንደሚቀመጥም እንጠይቅ

ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍሉ ባልደረቦች፣

መንግሥት የኑክሌር ኃይል ጣቢያ ለመገንባት ማቀዱን ካስታወቀ ወዲህ በጉዳዩ ላይ የሚወጡ ጽሑፎችን እየተከታተልኩ ነው። አብዛኞቹ የሚያወሩት ስንት ሜጋ ዋት እንደሚመነጭ፣ ከማን ጋር ስምምነት እንደተፈረመ፣ ለአገር ምን ዓይነት እመርታ እንደሆነ ነው። ስለ አደጋ ሲነሳ፣ በጃፓን አደጋ የደረሰበትን የኑክሌር ጣቢያ ስም ጠርቶ “ፉኩሺማ” ተብሎ ይታለፋል። እዚያ በትክክል ምን እንደተበላሸ ግን ሲብራራ አላጋጠመኝም።

እኔ የኑክሌር ባለሙያ አይደለሁም። ለረጅም ጊዜ የመጠባበቂያ ጀነሬተር ስተክልና ስጠግን የኖርኩ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነኝ። የፉኩሺማ ታሪክ ደግሞ በአብዛኛው የመብራት መጥፋት ታሪክ ነው። ለዚህ ነው ልጽፍላችሁ የተነሳሁት።

ቀኑ መጋቢት 2 ቀን 2003 ዓ.ም. ነበር፤ በፈረንጆቹ ማርች 11 ቀን 2011። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው።) በጃፓን ሰዓት ከቀኑ 8፡46 ላይ ከሰሜን ምሥራቅ ጃፓን ዳርቻ ወጣ ብሎ፣ ባሕር ውስጥ፣ መጠኑ 9.0 የሆነ የመሬት መንቀጥቀጥ ተነሳ። ፉኩሺማ ዳይቺ ጣቢያ ስድስት ሬአክተሮች (የኑክሌር ነዳጁ ሙቀት የሚያመነጭባቸው ክፍሎች) ነበሩት። ከመጀመሪያው እስከ ሦስተኛው ያሉት ሦስቱ በሥራ ላይ ነበሩ። ሌሎቹ ለፍተሻ ቆመው ነበር። በሥራ ላይ የነበሩት ሦስቱ መንቀጥቀጡ ሲጀምር በራሳቸው ቆሙ። ከውጭ የሚገባው መብራት ጠፋ። ጀነሬተሮቹ ወዲያው ተነሱ። እስከዚህ ድረስ ሁሉም ነገር እንደታሰበው ነበር የሄደው። ብዙ ሰው ይህን አያውቅም።

ሬአክተር ቆመ ማለት ግን በረደ ማለት አይደለም። የሸክላ ድስት ከእሳት ከወረደ በኋላም ይንተከተካል፤ የሬአክተር ነዳጅም እንዲሁ ነው። ልዩነቱ ይሄኛው ለቀናትና ለወራት መሞቁን አለማቆሙ ነው። በቆመበት ቅጽበት ከሙሉ ኃይሉ 6 ወይም 7 በመቶ የሚሆን ሙቀት ያወጣል። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል። በፉኩሺማ ሁለተኛና ሦስተኛ ሬአክተሮች ግን እያንዳንዱ ወደ 150 ሜጋ ዋት የሚጠጋ ሙቀት ማለት ነው። ሙቀቱ በሰዓታት ውስጥ እየቀነሰ ይሄዳል። ያም ሆኖ ሳያቋርጥ ውሃ የሚገፋ ፓምፕ ይፈልጋል። ፓምፑ ደግሞ መብራት ይፈልጋል።

ከ50 ደቂቃ ገደማ በኋላ ሱናሚው ደረሰ። ጣቢያው የታሰበው 5.7 ሜትር ለሚደርስ ማዕበል ነበር። ከመጀመሪያው እስከ አራተኛው ያሉት ሬአክተሮች የቆሙበት መሬት ከባሕር ጠለል በላይ 10 ሜትር ነው። ውሃው ከ14 እስከ 15 ሜትር ደረሰ። መጀመሪያ ቦታው 35 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው ገደል ነበር። ጣቢያው ሲሠራ ግን ቆርጠው አወረዱት። ለዚያ ምክንያት ነበራቸው። ጠንካራ አለት ላይ ለማረፍ፣ የባሕር ውሃ ወደ ላይ ለመሳብ የሚወጣውን ወጪ ለመቀነስ፣ ከባድ ዕቃ ከመርከብ ለማውረድ ይመቻል።

ወደ ሙያዬ ልምጣ። ጣቢያው 13 የአደጋ ጊዜ ጀነሬተሮች ነበሩት። አብዛኞቹ በተርባይን ሕንፃዎቹ ቤዝመንት ውስጥ ነበሩ። ውሃው ገባባቸውና ቆሙ። ይህ በየጋዜጣው ተጽፏል። ያልተጻፈለት ሌላ ነገር ግን አለ። በአየር የሚቀዘቅዙ ሁለት ጀነሬተሮች ከፍ ያለ ቦታ ላይ ስለነበሩ ከውሃው ተርፈው ነበር። ኃይላቸውን የሚያስተላልፉበት ማከፋፈያ ቦርድ ግን ቤዝመንት ውስጥ ነበር። ቦርዱ ሰጠመ። ጀነሬተሩ ደህና ሆኖ መብራቱ የሚሄድበት መንገድ ጠፋ። በመጨረሻ ሥራውን የቀጠለው አንድ ጀነሬተር ብቻ ነው፤ በስድስተኛው ሬአክተር በኩል የነበረው፣ በአየር የሚቀዘቅዘው። አምስተኛውና ስድስተኛው ሬአክተሮች የዳኑት በሱ ነው።

ይህን መጀመሪያ ሳነብ ብዙ ቆምኩበት። አዲስ አበባ ውስጥ ጀነሬተርና ቦርድ ቤዝመንት ውስጥ የሚቀመጥበት ፎቅ ስንት እንደሆነ የሙያ ጓደኞቼ ያውቃሉ። ክረምት ሲመጣ ውሃ የሚገባበትንም እናውቀዋለን። ከላይ ያለው ቦታ ለኪራይ ስለሚፈለግ ማሽኑ ወደ ታች ይወርዳል። ጃፓን ውስጥ የተሠራው ስህተት ከሌላ ዓለም የመጣ አይደለም።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ቀናት ለማንበብም ይከብዳሉ። መቆጣጠሪያ ክፍሎቹ ጨለሙ። የውሃውን መጠንና ግፊቱን የሚያሳዩት መለኪያዎች ሞቱ። ሠራተኞቹ ከመኪኖቻቸው ባትሪ እየፈቱ መለኪያዎቹን ለማስነሳት ሞከሩ። ጀነሬተር የጫኑ መኪኖች ከሩቅ መጡ። በማግስቱ ከቀኑ 9፡36 ላይ፣ ኬብሉ ተዘርግቶ ሥራው ሊያልቅ ሲል፣ በመጀመሪያው ሬአክተር ሕንፃ ውስጥ የተጠራቀመው ሃይድሮጂን የሚባል ተቀጣጣይ ጋዝ ፈነዳ። ፍንዳታው ኬብሉን አበላሸው። ማርች 14 ሦስተኛው፣ ማርች 15 አራተኛው ሕንፃ ፈነዳ። በሥራ ላይ የነበሩት የሦስቱ ሬአክተሮች ነዳጅ ቀለጠ። የጣቢያው ኃላፊ ማሳኦ ዮሺዳና ባልደረቦቻቸው ሥራውን ይመሩ የነበረው የመሬት መንቀጥቀጥን እንዲቋቋም ተደርጎ ከተሠራ አንድ ሕንፃ ውስጥ ነው። ያ ሕንፃ ሥራ የጀመረው በ2010 ነው። እንዲሠራ ምክንያት የሆነው በ2007 ሌላ የመሬት መንቀጥቀጥ የካሺዋዛኪ ካሪዋን ጣቢያ መጉዳቱ ነበር። ከአንድ አደጋ የተማሩት አንድ ነገር በሚቀጥለው አደጋ የሰው ሕይወት ይዞ ቆየ።

ያልተማሩበት ደግሞ አለ። የጣቢያው ባለቤት ቴፕኮ በ2008 በራሱ ቢሮ ያስጠናው ስሌት እስከ 15.7 ሜትር የሚደርስ ሱናሚ ሊመጣ እንደሚችል አሳይቶ ነበር። በ869 በዚያ ዳርቻ ትልቅ ሱናሚ እንደነበር ከጥንት መዛግብትና ከአሸዋ ንብርብር ያጠኑ ምሁራንም ነበሩ። ኩባንያው “ጉዳዩ ተጨማሪ ጥናት ያስፈልገዋል” ብሎ አቆየው። ስሌቱን ለመንግሥት ተቆጣጣሪ ያቀረበው ማርች 7 ቀን 2011 ነው። አደጋው ሊደርስ አራት ቀን ሲቀረው ማለት ነው።

የባሕሩን ውሃ የሚመክተውን ግንብ በአጭር ጊዜ ከፍ ማድረግ አይቻልም ይባል ይሆናል። ልክ ነው። ነገር ግን ማከፋፈያ ቦርድ ወደ ላይ ማውጣት፣ የቤዝመንት በር ውሃ እንዳያስገባ አድርጎ መሥራት፣ ተጨማሪ ባትሪ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ማስቀመጥ የሦስት ዓመት ሥራ አይደለም። ይህን በሙያዬ እመሰክራለሁ።

ያው ባሕር፣ ያው ቀን፣ ሌላ ጣቢያ ልጥቀስ። ኦናጋዋ ከፉኩሺማ ዳይቺ ይልቅ ለመንቀጥቀጡ መነሻ የቀረበ ነው። የደረሰበት ሱናሚ 13 ሜትር ገደማ ነበር። ጣቢያው የተሠራው ግን 14.8 ሜትር ላይ ነው። ከፍታው ሲወሰን የኦናጋዋ ባለቤት የሆነው የሌላው ኤሌክትሪክ ኩባንያ (ቴፕኮ አይደለም) የቀድሞ ምክትል ፕሬዚዳንት ያኖሱኬ ሂራይ የጥንቱን ሱናሚ እያነሱ ከፍ ይበል ብለው አጥብቀው ተከራክረዋል። ያን ያህል አያስፈልግም የሚሉ ነበሩ። እሳቸው አልለቀቁም። በመንቀጥቀጡ መሬቱ ራሱ 1 ሜትር ያህል ዝቅ ቢልም ውሃው ዋናውን ግቢ አላጥለቀለቀውም። ምንም አልደረሰበትም ማለት አይደለም። ከውጭ ከሚገቡት አምስት የኤሌክትሪክ መስመሮች የተረፈው አንድ ብቻ ነው፤ እሳት ተነስቷል፤ የተወሰነ ውሃም ገብቷል። ሬአክተሮቹ ግን በሰላም በረዱ። ቤታቸው የፈረሰባቸው ከ300 በላይ የአካባቢው ሰዎች የተጠለሉት እዚያው ጣቢያው ጂምናዚየም ውስጥ ነበር። ሂራይ ይህን አላዩም። ከዚያ በፊት አርፈዋል።

ስለዚህ “ኑክሌር አደገኛ ነው” ወይም “ኑክሌር ደህና ነው” ብሎ መደምደም ለኔ በቂ አይደለም። ሁለቱም ጣቢያዎች አንድ ዓይነት ቴክኖሎጂ ነበራቸው። ልዩነቱ የመጣው አንዱ ዘንድ የማይመች ቁጥር ሲነሳ የሚሰማ ሰው መኖሩ ላይ ነው። በ2012 የጃፓን ፓርላማ ያቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን አደጋው ሰው ሠራሽ ነው ሲል የደመደመውም በዚህ ምክንያት ነው። ያኔ የኑክሌር ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ተጠሪነቱ ኑክሌርን ለሚያስፋፋው ለዚያው ሚኒስቴር ነበር። ራሱን የቻለ ተቆጣጣሪ የተቋቋመው በሴፕቴምበር 2012፣ ከአደጋው በኋላ ነው። ይኸው መሥሪያ ቤት በ2024 የቱሩጋ ጣቢያ ሁለተኛ ሬአክተር ሥር ንቁ የመሬት ስንጥቅ ሊኖር ይችላል ብሎ ዳግም ሥራ እንዳይጀምር ከልክሏል። ኩባንያው ብዙ ወጪ አውጥቷል። ከልካዩ ግን ከለከለ። ይህ ሥልጣን በ2008 ቢኖር ኖሮ እያልኩ አስባለሁ።

ስለ ሟቾች በትክክል መናገር ተገቢ ነው። በዚያ ቀን በመሬት መንቀጥቀጡና በሱናሚው የሞቱትና የጠፉት ከ18 ሺህ በላይ ናቸው። ያ የኑክሌር ጣቢያው ሥራ አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት የጨረር ሳይንሳዊ ኮሚቴም በነዋሪው ላይ በጨረሩ ምክንያት በቀጥታ የመጣ የጤና ጉዳት እንዳልተመዘገበ ገልጿል። ከቤታቸው ከወጡት ከ150 ሺህ በላይ ሰዎች መካከል ግን ብዙዎች በመፈናቀሉ ሳቢያ ሞተዋል። በፉኩሺማ አውራጃ ብቻ ከዚህ ጋር ተያይዞ የተመዘገበው ሞት ከ2,300 ያልፋል። ከሆስፒታልና ከአረጋውያን ማቆያ በችኮላ አውጥተው ለረጅም ሰዓት በአውቶቡስ ያጓጓዟቸው ሕሙማን አሉበት። አልጋ ላይ ያለ አዛውንት ያለ ሐኪምና ያለ ውሃ ሲንገላታ የሚሆነውን ለማወቅ የኑክሌር ሳይንስ አያስፈልግም። ጃንዋሪ 1 ቀን 2024 የጃፓን የኖቶ ልሳነ ምድር ሲናወጥ ደግሞ መንገዶች ተቆረጡ፤ ቤቶች ፈረሱ። እዚያ ያለው የሺካ ጣቢያ ከ2011 ጀምሮ የቆመ ስለነበር ትልቅ ጉዳት አልመጣም። ግን “ውጡ” ቢባል መውጫ፣ “ቤት ውስጥ ቆዩ” ቢባል ቤት ያልነበረው ሕዝብ ነበር።

ወደ እኛ ልመለስ። “ኢትዮጵያ ባሕር የላትም፤ ሱናሚ አይመጣብንም” የሚል መልስ ደጋግሜ ሰምቻለሁ። እውነት ነው። ፉኩሺማን ያቃጠለው ግን ባሕሩ ብቻ አይደለም። ዋናውንም መጠባበቂያውንም መብራት አንድ ምክንያት በአንድ ጊዜ ማጥፋቱ ነው። እኛ በስምጥ ሸለቆ ላይ የምንኖር ነን። በ2024 መጨረሻና በ2025 መጀመሪያ በፈንታሌ አካባቢ መሬቱ ሲንቀጠቀጥ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከቀያቸው ወጥተዋል፤ ንዝረቱ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቶናል። አገር አቀፍ የመብራት መቋረጥም ደርሶብን ያውቃል። እነዚህ ለኑክሌር ጣቢያ ተራ ጉዳዮች አይደሉም።

ኤሌክትሪክ ያስፈልገናል። ጨለማ ውስጥ የሚያጠና ልጅ፣ በመብራት መቆራረጥ ማሽኑ የሚቃጠልበት ባለሙያ ችግሩን ያውቀዋል። እኔም ከነሱ ጋር ነኝ። ዕቅዱን ለመቃወም አልጻፍኩም።

የምጠይቀው ከእናንተ ነው። ኃላፊዎችን ስታነጋግሩ ስለ ሜጋ ዋቱ ብቻ አትጠይቁ። ቦታው ሲመረጥ የመሬት ጥናቱ ለሕዝብ ይፋ ይሆናል ወይ? የአገሪቱ መስመር ለቀናት ቢቋረጥ ፓምፑ በምን ይሠራል? ጀነሬተሩና ቦርዱ የሚቀመጡት አንድ ክፍል ውስጥ ነው ወይስ ተለያይተው? ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ተጠሪነቱ ለማን ነው፤ ግንባታ የማስቆም ሥልጣንስ በሕግ ተሰጥቶታል? በአካባቢው ያለ ሆስፒታል በሽተኞቹን በየት በኩል ያወጣል? መልስ ሲሰጧችሁ እንዳለ አሳትሙት። መልስ ካልሰጧችሁም አለመመለሳቸውን አሳትሙት።

ከአክብሮት ጋር፣

የኤሌክትሪክ ባለሙያ የሆነ አንባቢያችሁ
አዲስ አበባ