የክርክር ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ፦ ሬገን ዛሬ ቢወዳደሩ ይመረጡ ነበርን?

ክበባችን የአሜሪካን ወግ አጥባቂነት ማንነትና መጪ አቅጣጫ የዓመቱ ርእስ አድርጎ በመምረጡ «የራሳችን ጉዳይ አልቆ ነው ወይ?» የሚል ጥያቄ በመምህራን ማረፊያም በወላጆች ስብሰባም ቀርቦልናል። ለአገራችን የኤች አይ ቪ ሕሙማን ከፍተኛ እገዛ ያደረገውን የአሜሪካ ርዳታ ፕሮግራም ፔፕፋርን እ.ኤ.አ. በ2003 ያስጀመሩት የወግ አጥባቂዎቹ ሪፐብሊካን ፓርቲ ፕሬዚዳንት ጆርጅ ደብልዩ ቡሽ ናቸው፤ በ2017 ዓ.ም. ጥር ወር የውጭ ርዳታ እንዲቆም ያዘዙትም ከዚያው ፓርቲ የተመረጡት ዶናልድ ትራምፕ ናቸው። በአንድ ፓርቲ ስም ይህን ያህል የተራራቀ ውሳኔ እንዴት እንደሚወሰን ማወቅ ለኢትዮጵያዊ ተማሪ ቅንጦት አይደለም።

የመጀመሪያው ወሰነ ትምህርት በታሪኩ ላይ አለፈ። ጸሐፊው ዊልያም ባክሊ እ.ኤ.አ. በ1955 ናሽናል ሪቪው የተባለውን መጽሔት ሲመሠርቱ በዙሪያው የተሰባሰቡት የነጻ ገበያ አማኞች፣ የሃይማኖትና የትውፊት ጠበቆች እንዲሁም የኮሙኒዝም ጠላቶች በብዙ ነገር የማይስማሙ ነበሩ። የፓርቲው ዕጩ ፕሬዚዳንት ባሪ ጎልድዋተር እ.ኤ.አ. በ1964 ምርጫ ስድስት ግዛቶችን ብቻ አሸንፈው ተሸነፉ፤ ሮናልድ ሬገን ግን በ1980 ምርጫ ሦስቱንም ወገን ይዘው አሸንፈው ዋይት ሐውስ ገቡ። ሶቪየት ኅብረት በ1991 ስትፈርስ ሦስቱን ያስተባበረው ጠላት አብሮ ጠፋ፤ በእኔ እምነት የዛሬው ጠብ ሥሩ እዚያ ነው። ግብር መቀነስና ወግ አጥባቂ ዳኞችን መሾም አሁንም ያስማማቸዋል፤ በቀረጥ፣ በስደተኞችና በውጭ ጦርነት ጉዳይ ግን አንዱ ሌላውን ከሃዲ እስከማለት ደርሷል። አንድ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ከኋላ ወንበር ተነሥቶ «ሬገን ዛሬ ቢወዳደሩ ፓርቲያቸው ይመርጣቸው ነበር?» ሲል የጠየቀው ጥያቄ ከዚያን ዕለት ጀምሮ ከሰሌዳው ጥግ አልጠፋም።

በሚያዝያ ወር ከጎረቤት ትምህርት ቤት ጋር ያደረግነውን ክርክር ግን በዝርዝር ልጽፈው እወዳለሁ። ርእሱ «ዲቪ ይቅር ወይስ ይቀጥል?» የሚል ሲሆን፣ ወገን የሚለየው በዕጣ ነበር። እህቷ በዲቪ ሄዳ ቨርጂኒያ የምትኖር የ11ኛ ክፍል ተማሪያችን ከባርኔጣው ያወጣችው ብጣሽ ወረቀት «ይቅር» ይላል። ወረቀቱን አጣጥፋ ኪሷ ከተተችና፣ አገር የሚቀበለውን ሰው በሙያና በዕውቀት መዝኖ የመምረጥ መብት እንዳለው፣ ትራምፕ እ.ኤ.አ. በ2017 ዲቪ እንዲሰረዝ የጠየቁትም ዕጣ ይህን ስለማይመዝን መሆኑን ድምጿ ሳይንቀጠቀጥ አስረዳች። አዳራሹ አጉረመረመ። ተቃራኒው ተከራካሪ በበኩሉ በዓመት እስከ 55,000 ቪዛ የፈቀደውን የ1990 ሕግ የፈረሙት ሪፐብሊካኑ ቡሽ አባት መሆናቸውን፣ ሬገንም በ1989 የስንብት ንግግራቸው የአገራቸው በር ለመጪው ሁሉ ክፍት ነው ማለታቸውን አነሣ። ልጃችን ጥቂት ዝም ብላ፣ «የቀደሙት መሪዎች የፈረሙትን ሁሉ መጠበቅ ግዴታ ከሆነ፣ ነጻ ንግድን ትተው ቀረጥ የጫኑትን ምን ልንላቸው ነው? ወይ ሁለቱም ወግ አጥባቂ ናቸው፣ ወይ ሁለቱም አይደሉም» አለች። ዳኞቹ ድሉን ለባለጋራችን ሰጡ፤ እኔ ውጤቱን እስከ ዛሬ አልተቀበልኩትም። ከመድረክ ስትወርድ ግን «ቲቸር፣ እህቴ ይህን ከሰማች ታኮርፈኛለች» ብላ ስትስቅ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። የማታምንበትን ሐሳብ ባለቤቱ በሚያምንበት ልክ አክብሮ ማቅረብ ከየትኛውም ፈተና ይከብዳል፤ ብዙ አዋቂዎች አይችሉትም።

የ12ኛ ክፍል አባላት በብሔራዊ ፈተናው ዝግጅት ምክንያት ከመጋቢት ወዲህ አልተገኙም፤ የመልስ ግጥሚያውም መብራት ጠፍቶ ቀርቷል። በቤተ መጻሕፍታችን ስለ አሜሪካ ፖለቲካ አንድም መጽሐፍ ባለመኖሩ ተማሪዎቹ ያነበቡትን ሁሉ በራሳቸው የሞባይል ካርድ ነው ያወረዱት። ለእግር ኳስ ክበብ አዲስ ማሊያ በተገዛበት ዓመት ለእኛ የፎቶ ኮፒ ወረቀት መታጣቱን ወላጅ መምህር ኅብረት ልብ ይበልልን፤ ማሊያውን አልጠላንም።

በመጪው ዓመት ዴሞክራቶችን በተመሳሳይ ጥልቀት ለማጥናት አቅደናል። የሚያስፈልገን ለአንድ መደርደሪያ የሚበቃ መጽሐፍ፣ ኢንተርኔት ያለው አንድ ኮምፒውተርና ለክርክር ስንወጣ የሚኒባስ ኪራይ ነው፤ ለመርዳት የምትፈልጉ ወላጆችና የቀድሞ ተማሪዎች በርእሰ መምህሩ ቢሮ በኩል ልታገኙን ትችላላችሁ።