ለካውንቲያችን ስቴት አቶርኒ፦ የራሴን ኬዝ መጨረሻ ከስልኬ ላይ አነበብኩት

ይድረስ በሜሪላንድ ለካውንቲያችን ስቴት አቶርኒ (ለዋናው ዐቃቤ ሕግ)፣

ጤና ይስጥልኝ። ሦስት ደብዳቤ ጽፌልዎታለሁ። ቢሮዎ ሁለት ጊዜ በአካል መጥቻለሁ። ስልኩንማ መቁጠር ትቻለሁ። መልስ ያገኘሁት አንዴ ብቻ ነው፤ እሱም «መልእክትዎ ደርሶናል» የሚል የማሽን ኢሜይል። ስለዚህ ይህችኛዋን ሰው ሁሉ እያያት ልጻፍልዎ።

እንጀራ ጋግሬ የምሸጥ ሴት ነኝ። የዛሬ ዓመት ከመንፈቅ አንድ የካውንቲው ኢንስፔክተር ሱቄ መጣ። ምጣዶቼን አየና ፊቱን አጨፈገገ። «ይኼ ዕቃ እዚህ አይፈቀድም፣ ዛሬውኑ ላዘጋሽ እችላለሁ» አለኝ። ቆየት ብሎ ደግሞ ነገሩ በ600 ዶላር እንደሚያልቅ ነገረኝ። ሰጠሁት። ፈርቼ ነው፤ እስከ ዛሬም ያሳፍረኛል። እንዲህ ያለውን ነገር ቦሌ ላይ ተሰናብቼው የመጣሁ መስሎኝ ነበር። በወሩ ተመልሶ ሲመጣ ግን አንጀቴ እምቢ አለ። ለፖሊስ ተናገርኩ።

ሰውየው ተከሰሰ። አንደኛው ክስ ጉቦ መቀበል፣ ሁለተኛው ሥልጣንን አላግባብ መጠቀም። ሁለተኛውን እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቁታል። በሜሪላንድ ራሱን የቻለ የተጻፈ አንቀጽ የለውም፤ ከጥንቱ ኮመን ሎው፣ በዳኞች ውሳኔ ከዳበረው ሕግ፣ የወረደ ወንጀል ነው። ከፍተኛ ቅጣቱም በቁጥር አልተወሰነም። ይህን ስሰማ «ጣሪያ የለውም ማለት ነው?» ብዬ ደስ አለኝ። ሞኝ ነበርኩ።

ቀጠሮው አራት ጊዜ ተላለፈ። አራቱንም ጊዜ ሱቄን ዘግቼ ሄጃለሁ። የቦካ ሊጥ ደግሞ «ቀጠሮ ተላልፏል» ቢሉት አይሰማም። አምስተኛውን ቀጠሮ የሚነግረኝ ጠፋ። አንድ ማክሰኞ ማታ ሥራ ጨርሼ በስልኬ የፍርድ ቤቱን ኬዝ ሰርች፣ የክስ መዝገብ መፈለጊያ ድረ ገጹን፣ ከፈትኩ። ኬዙ ተዘግቷል። ከተዘጋ ዘጠኝ ቀኑ። የጉቦው ክስ «ኖሌ ፕሮሴኳይ» ይላል፤ እናንተው አንስታችሁታል ማለት ነው። በሌላው ክስ ሰውየው ጥፋተኛ ነኝ ብሏል። ያገኘው ፒቢጄ ነው።

ለማያውቅ አንባቢ፦ ዳኛው የጥፋተኝነት ፍርዱን ሳይመዘግብ በፕሮቤሽን፣ ማለትም በገደብ፣ አሰናበተው ማለት ነው። 3 ዓመት ካለፈ በኋላ አመልክቶ ሪከርዱን ሊያሰርዝ ይችላል። ያኔ ኬዝ ሰርች ላይ ስሙን ብፈልግ ምንም አይወጣም። እኔ ደግሞ ያለ ማስረጃ የሰው ስም የማጠፋ ሴትዮ ሆኜ እቀራለሁ።

ፒቢጄን ጠልቼ አይደለም። የእህቴ ልጅ በ19 ዓመቱ ጃኬት ሰርቆ ፒቢጄ ሲሰጠው እልል ብለናል። እልልታችን የቆየው የኢሚግሬሽን ጠበቃ እስክናይ ነው። «ጥፋተኛ ነኝ ብሎ አምኗል፤ ፕሮቤሽንም ተጥሎበታል። በኢሚግሬሽን ሕግ እንደተፈረደበት ነው የሚቆጠረው» አለን። ልጁ ያለው ግሪን ካርድ ብቻ ነው። አያቱ ስትሞት እንኳ፣ መመለሻ አጣለሁ ብሎ ፈርቶ፣ ለቅሶ አልሄደም። ስለ አንድ ጃኬት። ኢንስፔክተሩ ግን ከችሎት ወጥቶ ቤቱ ገባ።

ሕጉ ፒቢጄ የሚሰጠው ለተከሳሹም ለሕዝቡም የሚበጅ ሆኖ ሲገኝ ነው ይላል። ለተከሳሹ መበጀቱ ገብቶኛል። ለሕዝቡ የበጀው የቱ ጋ ነው?

ደግሞስ አንቀጽ 47 የት ሄደ? የሜሪላንድ ሕገ መንግሥት አካል በሆነው የመብቶች መግለጫ ውስጥ ከገባ ከ1994 ጀምሮ ነው። ተበዳይ ከጠየቀ፣ የሚቻል እስከሆነ ድረስ፣ ችሎቱ እንዲነገረው፣ እንዲገኝና እንዲሰማ መብት አለው ይላል። እኔ ጠይቄያለሁ። ፎርሙን የሞላሁት እናንተው ቢሮ ቁጭ ብዬ ነው፤ እስክሪብቶውንም ያዋሰችኝ የእናንተው ሠራተኛ ናት። «አልተቻለም ነበር» እንዳትሉኝ። ሱቄ ከፍርድ ቤቱ በመኪና 12 ደቂቃ ነው። ስልክ ቁጥሬ በሩ ላይ በትልቁ ተጽፏል። ብጠራ ኖሮ ዳኛውንም ብዙ አላስቸግርም ነበር፤ 600 ዶላሬን ይመልስልኝ ነበር የምለው። እስከ ዛሬ አልተመለሰም። የጠየቀልኝም የለም።

ድርድር ሕጋዊ ነው፣ አውቃለሁ። ሁሉም ኬዝ ጁሪ ፊት አይቀርብም። ግን እኛ ዘንድ ሽማግሌ እንኳ ሲያስታርቅ ተበዳይን አስቀምጦ፣ ቃሉን ሰምቶ ነው። ተበዳይ ሳይጠራ የተደረገ ዕርቅ ያየሁት እናንተ ዘንድ ነው።

የጉቦውን ክስ ማን አነሳው? ለምን? እኔስ ለምን አልተነገረኝም? ይህን በጽሑፍ ይመልሱልኝ። ሰውየው ሥራው ላይ ይኑር አይኑርም አላውቅም። ክሊፕቦርድ የያዘ ሰው በገባ ቁጥር ማሰሻው ከእጄ ይወድቃል።

በ2022 ምርጫ ጊዜ ሱቄ መጥተው ነበር። ቡናም ጠጥተዋል። በአማርኛ ያሳተሙትን በራሪ ወረቀት መስታወቴ ላይ የለጠፍኩት እኔ ነኝ። ይህን በአማርኛ የምጽፍልዎም ለዚያ ነው። ያንን የተረጎመልዎ ሰው ይህንንም ይተርጉምልዎ።