ከተማዋ ብትዘጋ ማን ይቸገራል? የጂኦግራፊ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

ክበባችን ዘንድሮ ዓመቱን ሙሉ በአንድ ጥያቄ ላይ ቆየ፦ ከአሜሪካ ከተሞች መካከል አንዳንዶቹ ለዓለም ኢኮኖሚ ይህን ያህል ወሳኝ የሆኑት ለምንድን ነው? ርዕሱን የመረጡት አባላቱ ናቸው። እኔ የስምጥ ሸለቆ ሐይቆችን አቅርቤ በድምፅ ብልጫ ተሸነፍኩ።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የቀረቡልን ጽሑፎች የሕዝብ ብዛትና የፎቅ ቁመት ዝርዝሮች ነበሩ። አሰልቺ ነበር፤ ልጆቹም ራሳቸው ተሰላችተው ነበር። የክበቡ ጸሐፊ የሆነችው የ11ኛ ክፍል ተማሪ ግን መመዘኛ ይዛ መጣች፦ «ከተማዋ ነገ ጠዋት ብትዘጋ ከአሜሪካ ውጭ ማን ይቸገራል?» ከዚያ ወዲያ እያንዳንዱ ጽሑፍ ይህን ጥያቄ ሳይመልስ አላለፈም። (ስለ አሜሪካና ስለ ዓለም ገበያ የማነሳቸው ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኒውዮርክ ላይ ስንደርስ የቦንጋ ልጆች መሆናችን ጠቀመን። ቡና የሚያለማ፣ የሚሰበስብ ወይም የሚያቀርብ ዘመድ የሌለው አባል የለም ማለት ይቻላል። «ኒውዮርክ ወርዷል» ሲባል እሸት ቡና ገዢው እጁን እንደሚሰበስብ ሁሉም ያውቃሉ። የወረደው ነገር ምን እንደሆነ ግን የጠየቀ አልነበረም። የወረደው የአረቢካ ቡና የወደፊት ግብይት ዋጋ፣ ማለትም ወደፊት ለሚረከቡት ቡና ዛሬ የሚዋዋሉበት ዋጋ ነው። ኒውዮርክ ውስጥ የቡና ገበያ የተቋቋመው በ1882 ነው። ዛሬ አንዱ ውል 37,500 ፓውንድ፣ ማለትም 17 ቶን ገደማ ሲሆን ዋጋው የሚጠራው «በፓውንድ ይህን ያህል ሴንት» ተብሎ ነው። የእኛ ላኪ ከጀርመን ወይም ከሳዑዲ ገዢ ጋር ሲደራደር ከዚህ ቁጥር ይነሳና ለጥራቱና ለመጣበት ቦታ ተብሎ ይጨመራል ወይም ይቀነሳል። ቡናው ራሱ የኒውዮርክን ወደብ ሳያይ ሐምቡርግ ወይም ጅዳ ይገባል። በፌብሩዋሪ 2025 የብራዚል ድርቅ ያሰጋቸው ነጋዴዎች ዋጋውን ከዚያ በፊት ደርሶበት ወደማያውቀው ከ4 ዶላር በላይ ሲያወጡት፣ የሚኒ ሚዲያ ክበብ በእረፍት ሰዓት የኒውዮርክን ዋጋ ከእግር ኳስ ውጤት ቀጥሎ ያነብልን ጀመር። ለትብብራቸው እናመሰግናለን።

ለምን ኒውዮርክ እንጂ ሌላ ከተማ አልሆነም? በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ የገንዘብ ከተማ የነበረችው ፊላደልፊያ ናት። ሚዛኑን ከደፉት ነገሮች ትልቁ በ1825 ሥራ የጀመረው የኢሪ ቦይ ነው። የኒውዮርክ ግዛት አስተዳዳሪ ዴዊት ክሊንተን ሲያስቆፍረው ተቃዋሚዎቹ «የክሊንተን ጉድጓድ» እያሉ አሹፈውበታል። ርዝመቱ 584 ኪሎ ሜትር፣ ጥልቀቱ ግን 1.2 ሜትር ብቻ ነበር፤ ጀልባዎቹን የሚጎትቱት ፈረሶችና በቅሎዎች ናቸው። ሆኖም ከቡፋሎ እስከ ኒውዮርክ አንድ ቶን ጭነት ለማድረስ 100 ዶላር ገደማ ይጠይቅ የነበረው ወደ 10 ዶላር ገደማ ወረደ። የመሐል አገሩ እህል በዚያ በር ሲወጣ አበዳሪው፣ መድን ሰጪውና ጠበቃው እዚያው ተሰበሰቡ። ብሬተን ዉድስ ከተባለው የ1944 ዓለም አቀፍ የገንዘብ ስምምነት በኋላ ዶላር የዓለም መገበያያ ሲሆን ሥራው ሁሉ ኒውዮርክ ተዘጋጅቶ ጠበቀው። ዛሬ የአዲስ አበባ አስመጪ ከቻይና ፋብሪካ ጎማ ለመግዛት በዶላር ኤልሲ (ባንክ ለሻጩ የሚሰጠው የክፍያ ዋስትና) ሲያስከፍት ገንዘቡ አብዛኛውን ጊዜ የሚያልፈው ኒውዮርክ ባለ የባንክ ሒሳብ ነው። ገዢውም ሻጩም አሜሪካዊ አይደሉም።

እኔ በበኩሌ ለቺካጎ አደላለሁ። በ1848 ሁለት ነገር አገኘች፤ የሚሺጋን ሐይቅን ከሚሲሲፒ ተፋሰስ ጋር ያገናኘ ቦይና የእህል ነጋዴዎች ቦርድ። ቀድሞ ገበሬው ስንዴውን በጆንያ ይልክና ጆንያው እስከ መጨረሻው የእሱ ሆኖ ይሄድ ነበር። ባቡር መጥቶ በእንፋሎት የሚሠሩ ግዙፍ ጎተራዎች ሲተከሉ የአንዱን ስንዴ ከሌላው ለይቶ ማስቀመጥ የማይሆን ነገር ሆነ። ቦርዱ በ1850ዎቹ ስንዴውን በደረጃ ከፋፈለው። ገበሬው እህሉን አስረክቦ ወረቀት ይቀበላል፤ ወረቀቱ እንደ ገንዘብ ከእጅ ወደ እጅ ይሸጣል። ገና ያልታጨደ ስንዴ መሸጥም ተቻለ፤ ቦርዱ በ1865 ለዚህ ዓይነቱ ውል ደንብ አወጣለት። በ1972 ደግሞ አጀማመሩ የቅቤና የእንቁላል ንግድ የነበረው ሌላው የቺካጎ ገበያ ያንኑ ዘዴ ለውጭ ምንዛሪ አዋለው።

ይህን በጥቁር ሰሌዳ ብቻ ማስረዳት ስላልፈለግሁ አባላቱን ከተማችን ወዳለው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ መጋዘን ወሰድኳቸው። ናሙና ሲወጣ፣ ጉድለት ያለበት ፍሬ ሲቆጠር፣ ቡናው ተቆልቶ ሲቀመስና ደረጃ ሲሰጠው አዩ። አቅራቢው ቡናውን አስረክቦ በደረሰኝ ወጣ። ምርት ገበያው በ2000 ዓ.ም. በዶ/ር እሌኒ ገብረመድኅን መሪነት ሥራ ሲጀምር የተከለው አሠራር ይኸው ነው። አንድ የ10ኛ ክፍል ልጅ «ይሄ እኮ ቺካጎ ነው!» ብሎ ሁሉንም አሳቀ። የክበቡ ጸሐፊ ግን አልሳቀችም። «ቺካጎ ደረጃውን ታወጣለች፤ እኛ በወጣው እንመዘናለን» አለችው። ለእኔ የዓመቱ ምርጥ ንግግር ይህ ነው።

የባሕረ ሰላጤውን አካባቢ፣ ሳን ፍራንሲስኮንና ሲሊከን ቫሊን፣ ያየነው በክርክር ነው። ጥያቄው፦ የኤም አይ ቲና የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲዎችን ጎረቤት ያደረገችው ቦስተን በኮምፒውተር ቴክኖሎጂ ለምን ተቀደመች? አንደኛው ቡድን የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲን ሚናና የመከላከያ ሚኒስቴርን ግዥ ይዞ ተከራከረ። ሁለተኛው ቡድን ያልጠበቅነውን ነገር ይዞ መጣ። በካሊፎርኒያ ከ1872 ጀምሮ ባለ ሕግ መሠረት፣ ሠራተኛ ከለቀቀ በኋላ ከቀድሞ አሠሪው ጋር እንዳይወዳደር የሚያስር ውል አይጸናም፤ በማሳቹሴትስ ግን ይጸና ነበር። በ1957 ስምንት መሐንዲሶችና ሳይንቲስቶች የዊሊያም ሾክሌይን የኤሌክትሮኒክስ ድርጅት በአንድ ጊዜ ለቀው ፌርቻይልድ የተባለ የራሳቸውን ድርጅት መሠረቱ። ከስምንቱ መካከል ሮበርት ኖይስና ጎርደን ሙር በ1968 ፌርቻይልድንም ለቀው የኮምፒውተር ቺፕ አምራቹን ኢንቴልን አቋቋሙ። ዳኞቹ ለሁለተኛው ቡድን ፈረዱ። እኔ እኩል አደርጋቸው ነበር፤ የጦር ኃይሉ ገንዘብ ባይኖር ኖሮ የመጀመሪያዎቹን ውድ ቺፖች የሚገዛ አይገኝም ነበርና።

ሎስ አንጀለስና ሎንግ ቢች መመዘኛውን በቀላሉ አለፉ፤ በ2021 መገባደጃ መቶ ገደማ መርከቦች ከሁለቱ ወደቦች ፊት ተራ ሲጠብቁ ኮንቴይነር በሌላው ዓለም ሳይቀር ጠፍቶ ነበር። ሂውስተንን በነዳጅና በፔትሮኬሚካል አነሳናት። የመጀመሪያዎቹን 58 ኮንቴይነሮች በ1956 ከኒውጀርሲ የጫነችው መርከብ «አይዲያል ኤክስ» የተራገፈችውም እዚያ ነው። ሜምፊስ ደግሞ እሽግ አመላላሹ ፌዴክስ በ1973 በ14 ትናንሽ አውሮፕላኖች ሥራ የጀመረባት ከተማ ናት።

ዋሽንግተን ላይ ሁሉም አባል አስተያየት ነበረው፤ ዘመድ ያለባት ከተማ ናትና። ፋብሪካም ትልቅ ወደብም ሳይኖራት መመዘኛውን ማለፏ ግን አከራከረ። መልሱ የተገኘው ከገበያችን ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲመራ ሲደረግና ዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት ለአገራችን 3.4 ቢሊዮን ዶላር ሲፈቅድ፣ ውሳኔው የጸደቀው እዚያች ከተማ ባለው ቦርድ ነው። በድርጅቱ ውስጥ አንዳንድ ዋና ዋና ውሳኔዎች 85 በመቶ ድምፅ ይጠይቃሉ፤ አሜሪካ ደግሞ ብቻዋን ከ16 በመቶ በላይ አላት። ሒሳቡን ልጆቹ ራሳቸው ሠሩት።

የመጨረሻው ውይይት በመኪና ፋብሪካዎቿ የምትታወቀው ዲትሮይት ነበረች። በ1950 1.85 ሚሊዮን ሕዝብ ነበራት፤ በ2020 ወደ 640 ሺህ ወርዳለች፤ በ2013 ከተማዋ ራሷ መክሠሯን ለፍርድ ቤት አመለከተች። ጸሐፊዋ ዕቃ መሥራትን ሌላው ሊማረው ይችላል፣ ሁሉም የተስማማበትን ዋጋና ደንብ ግን ከቦታው ማንሳት ከባድ ነው ስትል ዲትሮይትን ከቺካጎ ለየች። አንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ተቃወማት። በቺካጎ ነጋዴዎች እየጮኹ ይገበያዩባቸው የነበሩት አብዛኞቹ መደቦች በ2015 ተዘግተዋል፤ የኒውዮርክ አክሲዮን ገበያ ኮምፒውተሮችም ያሉት ኒውጀርሲ ነው፤ «ታዲያ ከተማዋ የቷ ናት?» አለ። ክርክሩ በደወል ተቋረጠ፤ ዳኞቹም አልፈረዱም።

ያዘጋጀነው ትልቅ ካርታ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ተሰቅሏል፤ እባካችሁ በእስክሪብቶ አትጻፉበት። ከክበቡ የሚመረቁት የ12ኛ ክፍል አባላት ማስታወሻዎቻቸውን ለ10ኛ ክፍሎች አስረክበዋል። ለ2018 ዓ.ም. ዱባይና ሲንጋፖር ለምርጫ ቀርበዋል፤ ድምፅ የሚሰጠው ትምህርት በተጀመረ በሁለተኛው ሳምንት ነው።