ከአየር ትንበያው ጎን የዋግ ትንበያም ይውጣ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ጤና ይስጥልኝ። ስለ ዘንድሮው ክረምት የጻፋችሁትን አነበብኩ። ዝናቡ ጥሩ ስለሆነ የስንዴው ምርትም ጥሩ ይሆናል ብላችኋል። እኔ ስንዴ አብቃይ ቤት ነው ያደግኩት። ዝናቡ ጠገበ ሲባል መጀመሪያ የሚመጣብኝ ዋግ የሚባለው የስንዴ በሽታ ነው።

2003 ዓ.ም. ሲገባ አርሲ እንዲሁ ዝናብ ጠግቦ ነበር። መስከረም ገብቶም ካፊያው አላባራም። ጉሙ ማሳው ላይ ተኝቶ ያረፍዳል። አባቴ ኩብሳ የሚባለውን የስንዴ ዝርያ ዘርቶ ደስ ብሎታል። አንድ ቀን ከማሳ ሲመለስ ሱሪው ከጉልበቱ በታች እርድ የተነሰነሰበት ይመስላል። ሄደን ቅጠሉን ስናየው ቢጫ ክር በመስመር በመስመር የተሰፋበት ነው የሚመስለው። መድኃኒት ሲያፈላልግ፣ የጀርባ መርጫ ተራ ሲጠብቅ ስንዴው አለቀ። በዚያ ዓመት ቢጫ ዋግ በአገሪቱ ከ600 ሺህ ሄክታር በላይ ስንዴ ላይ ወጥቷል።

ቢጫ ዋግ ቅዝቃዜ ይወዳል። ሌሊቱ ከ7 እስከ 12 ዲግሪ ከሆነለትና ጤዛው ቅጠል ላይ ጥቂት ሰዓት ከቆየለት ይበቃዋል። የግንድ ዋግ ደግሞ ሞቅ ሲል ነው የሚበረታው። ከኩብሳ በኋላ ገበሬው ቢጫ ዋግን ይቋቋማል ተብሎ ዲገሉ የሚባለውን ዝርያ ዘራ፤ አባቴም እንደዚያው። በ2006 ዓ.ም. ኅዳር አካባቢ ዲገሉን ደግሞ የግንድ ዋግ መታው። ባሌ ውስጥ ስንዴ በበልግም በመኸርም ስለሚዘራ በሽታውን የሚያዛምተው የዋግ ብናኝ ማረፊያ አያጣም።

ብናኙ ካረፈ በኋላ ምልክቱ እስኪታይ ሁለት ሳምንት ገደማ ይፈጃል። ገበሬው ቢጫውን ሲያይ በሽታው ቀድሞታል። የኛ የግብርና ተመራማሪዎች ከዓለም አቀፉ የበቆሎና የስንዴ ምርምር ማዕከል (ሲሚት) እና ከካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆነው ነፋሱ ብናኙን ወዴት እንደሚወስድ ለቀጣዩ ሳምንት ይተነብያሉ። እኛ ቀበሌ ግን ወሬው የሚደርሰው ማሳው ቢጫ ከለበሰ በኋላ ነው።

እባካችሁ ከነሐሴ እስከ ኅዳር በየሳምንቱ ይህንን ትንበያ አውጡልን። የትኛው ዞን ያሰጋል? ሌሊቱ ምን ያህል ይቀዘቅዛል? የትኛው ዝርያ ነው የሚጠቃው? ከአየር ትንበያው ጎን ትንሽ ቦታ ይበቃል። አባቴ ጋዜጣ አያነብም። እኔ አንብቤ በስልክ እነግረዋለሁ፤ እሱ ደግሞ ለጎረቤት ይናገራል።

አንባቢያችሁ
ከአዳማ